ሰባተኛ ስም

ቃለአብ በዋቢ ቁጥር አሥራ ሁለት መጨረሻ ላይ የነበረችውን ነጠላ ሰረዝ አጥፍቶ በቦታዋ ነጥብ አኖረ። ከዚያ መስመሩን ከመነሻው ጀምሮ በጣቱ እየተከተለ እንደገና አነበበው። ከዓመተ ምሕረቱ በኋላ ድርብ ሰረዝ፣ ከቅጹ በኋላ ሁለት ነጥብ፣ በመካከላቸው ባዶ ቦታ የለም። ልክ ነው። ወደ አሥራ ሦስት ወረደ።

ጽሑፉ በመስቃን ገጠሮች ስላለው የሕፃናት ተቅማጥ ነበር። ዋናው አጥኚ ዶክተር ፈቃደ ናቸው፤ የቁጥሩን ሥራ የሠራው ቃለአብ ነው። አዲስ አበባ ያለው የሕክምና መጽሔት ሁለት ጊዜ መልሶታል፤ ሁለቱንም ጊዜ ስሕተት የተገኘው በጥናቱ ሳይሆን በዋቢዎቹ አጻጻፍ ነው። አዘጋጁ በሁለተኛው ደብዳቤ፣ «በአሥር ቀን ውስጥ በደንባችን መሠረት ተስተካክሎ ካልደረሰን ፋይሉን እንዘጋለን» ብለዋል። ዛሬ ዘጠነኛው ቀን ነው።

ሠላሳ አንዱን ዋቢ ማስተካከል ማንም የማይወደው ሥራ ነው፤ ቃለአብ ግን ራሱ ጠይቆ ወሰደው። ሚስቱ ትርንጎ ከሞተች ስምንት ወር ሆኗታል፤ ቆሼ መንገድ ላይ ሚኒባስ ተገልብጦ ነው። ከዚያ ወዲህ ይበላል፣ ሰላምታ ይመልሳል፣ እሑድ እሑድ ቸርች ሄዶ ከሰው እኩል ይዘምራል። ሰው ሁሉ «በርትተሃል» ይለዋል። እሱ ስለ መበርታት የሚያውቀው ነገር የለም። እግሩ የደነዘዘበት ሰው መሬት መርገጡን በዓይኑ እያየ እንደሚሄደው ነው የሚሄደው። ነጠላ ሰረዝ በነጥብ መለወጥ ደግሞ ከዚያ በላይ አይጠይቅም።

ቁጥር አሥራ ሦስት የእሷ ሥራ ነበር።

ከሦስት ዓመት በፊት ትርንጎና ስድስት ባልደረቦቿ የሠሩት ጥናት በአንዲት ትንሽ የጤና መጽሔት ወጥቶ ነበር። መጠይቁን ያዘጋጀችው እሷ ናት፤ ቤት ለቤት የዞረችውም፣ ጽሑፉን የተየበችውም እሷ ናት። የአጥኚዎቹ ስም ሲደረደር ዶክተር ፈቃደ፣ «በሠራሽው መጠን ከሆነ አንቺ መጀመሪያ ነሽ» ቢሏት በጄ አላለችም። «ጋሽ ሰይዶ እያሉ? ምን ይሉኛል!» አለች። ሰይዶ በየቀበሌው መንገድ የመሯቸው ጡረተኛ የወባ ሠራተኛ ናቸው። እሳቸውን አንደኛ አደረገች፤ ከዚያ የሁሉንም ዕድሜ እየጠየቀች፣ ለምሳ እጅ እንደሚያስታጥብ ሰው ከታላቅ ወደ ታናሽ ወረደች። ዶክተሩ ራሳቸው ሦስተኛ ወጡና ሳቁ። የራሷን ስም መጨረሻ ላይ አኖረች።

አሁን የመጽሔቱ ደንብ ከቃለአብ ክንድ አጠገብ ተዘርግቷል። አጥኚዎቹ ከስድስት ከበለጡ የስድስቱ ስም ብቻ ይጻፋል፤ የቀሩት «እና ሌሎች» ይባላሉ። ቃለአብ ቆጠረ። ስድስተኛው ነብዩ፣ ሰባተኛዋ ትርንጎ። «ሌሎች» ሲባል ብዙ ሰው ይመስላል። እዚህ ግን አንድ ሰው ነበር።

ባለፈው ሳምንት ለአባቷ ለአቶ ተሰማ ቃል ገብቶላቸው ነበር። «ስሟ በትልቁ መጽሔት ላይ ይነሣል» ሲላቸው፣ «ከሞተች በኋላ?» ብለው ጠየቁት። «አዎ፣ ከሞተች በኋላ» አላቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለጎረቤት ሁሉ ይናገራሉ።

በሩ ተከፍቶ ነብዩ ገባ፤ ከጎን ባለው ክፍል የሚሠራው የላቦራቶሪ ባለሙያ።

«ቃሌ፣ አሁንም ሰረዝ እየለቀምክ ነው? ዶሮ እንኳ ጥሬ ስትለቅም አንዳንዴ ቀና ትላለች እኮ።»

ቃለአብ ደንቡን ገፋ አደረገለት። ነብዩ ቆሞ አነበበ፤ ከዚያ የኮምፒውተሩን ስክሪን አየ።

«ስድስት ብቻ?»

«ስድስት ብቻ።»

«ስድስተኛው ማነው?»

«አንተ።»

«ታዲያ ምን ቸገረህ? እኔን አውጣና እሷን አስገባ! ስሜ መጽሔት ላይ ስለወጣ ልጁን የሚድርልኝ የለም።»

«አይሆንም።»

«ፈርሜ እሰጥሃለሁ። ከፈለግህ ምስክር ጥራ።»

«ዋቢ ማለት አንባቢው ሄዶ የሚያገኘው ነገር ነው። ሄዶ ሌላ ተራ ካገኘ ዋሽተናል ማለት ነው።»

«ማን ነው የሚሄደው? ያቺን መጽሔት ካንተ ሌላ የያዛት ሰው አለ?»

ቃለአብ ወደ ኮምፒውተሩ ዞረ። የነብዩን ስም ቆርጦ የትርንጎን አስገባ። ስሟ ከአምስቱ ስሞች ቀጥሎ ተቀመጠ። የሆነ ነገር ውስጡ ይነቃ እንደሆነ ጠበቀ። ምንም አልነቃም። ስሙን አየው፤ ያለበትን ቦታም አየው። እሷ ያኖረችበት ቦታ አልነበረም። ወደ ነበረበት መለሰው።

«ግትር!» አለ ነብዩ።

«የደረደረችው እሷ ናት።»

ነብዩ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። «የምበልጣት በአራት ወር ነው» አለ ቆይቶ። «መታወቂያዬን አስወጥታ ካየች በኋላ ነው የጻፈችው።»

በምሳ ሰዓት ቃለአብ ወደ አቶ ተሰማ የእንጨት ሥራ ቤት ሄደ። የበር ቋሚ እየላጉ ነበር። ቀና ብለው አዩትና መላጋቸውን ቀጠሉ።

«አባባ፣ ያልኩዎት ነገር አልሆነም።»

«መለሱት?»

«ጽሑፉ ይወጣል። የእሷ ስም ግን አይወጣም። ስድስት ሰው ብቻ ነው የሚጻፈው፤ እሷ ሰባተኛ ናት።»

«ማነው ሰባተኛ ያደረጋት?»

«ራሷ።»

መላጊያው ቆመ። «ሌሎቹ ሁሉ ይበልጧታል?»

«ሁሉም።»

«ታዲያ ምን ታድርግ? ትቅደማቸው?» ተቆጡ፤ በማን ላይ እንደሆነ ግን አልታወቀም። ከመላጊያው አፍ የተጠቀለለውን ፍቅፋቂ በጣታቸው ጎትተው አወጡ። «ሥራዋስ? እሱም ቀረ?»

«ሥራዋ አለ። ቁጥር አሥራ ሦስት ነው። ጽሑፉ ውስጥ አራት ቦታ ይጠቀሳል።»

«በቁጥሩ?»

«በቁጥሩ።»

«አሥራ ሦስት» አሉ አቶ ተሰማ፣ የሰው ቤት ቁጥር በቃሉ እንደሚይዝ ሰው። «ለጎረቤቱ እኔ እነግራለሁ፤ አንተ አትድከም። ምሳ በላህ?»

«በልቻለሁ።»

አልበላም ነበር። እሳቸውም አላመኑትም፤ ግን አልጨቀጨቁትም።

ቢሮ ሲመለስ መብራት ጠፍቶ ጠበቀው። መብራቱ ሲመጣ ፋይሉን ከፈተ። ከነብዩ ስም በኋላ ነጠላ ሰረዝ አድርጎ «እና ሌሎች» የሚለውን በመጽሔቱ ደንብ ጻፈ፤ ነጥብ አኖረ። መስመሩን በጣቱ ተከተለ። ልክ ነው። አሥራ አራት፣ አሥራ አምስት እያለ ወረደ። ሃያ ሁለት ላይ የገጽ ቁጥር ተሳስቶ አገኘና አስተካከለ። ሃያ ስምንት ላይ የመጽሔቱ ስም አላጠረም ነበር፤ አሳጠረው።

ወደ አሥራ አንድ ሰዓት ግድም ሠላሳ አንደኛው አለቀ። አትሞ ገጾቹን በጠረጴዛው ላይ መትቶ አስተካከላቸውና በጥግ በኩል በስቴፕለር ያዛቸው። በዶክተር ፈቃደ ጠረጴዛ ላይ፣ ነገ ጠዋት ከሚላኩት ወረቀቶች በላይ አስቀመጣቸው።