የቦክሰኛው ሆድ

ሰው «ያጽናሽ» እያለ ሲገባ ሲወጣ፣ ልጅቷ ዓይኗን ከበሩ አልነቀለችም። እናቷን የቀበሩት ከትናንት ወዲያ ነው። የምትጠብቀው ግን አንዲት ሰው ነበር፤ እሷና እናቷ በነርስነት አብረው ከሠሩበት፣ ያለጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናት ከሚተኙበት ክፍል የምትመጣውን ባልደረባዋን።

«እህል ቅመሺ እንጂ» አለች አክስቷ።

«እሺ እትዬ» አለች፤ አልቀመሰችም።

በሕፃናቱ ክፍል ውስጥ ቦክሰኛው የሚባል ጨቅላ አለ። ስሙን ያወጣችለት እናቷ ናት፤ መዳፍ የማይሞላ ሆኖ ሳለ ለነካው ሁሉ ቡጢ ይሰነዝራል። እንዲህ ያሉትን ሕፃናት አንድ ክፉ የአንጀት በሽታ ያደባባቸዋል፤ ወተት ሲጀመርላቸው ሆዳቸው ይነፋል፣ ብዙዎቹም አይመለሱም። ይህን ለመከላከል፣ ጠቃሚ ባክቴሪያ ያለበት ጠብታ ከእናት ወተት ጋር እየተቀላቀለ ይሰጥ ብላ እናቷ ያልጨቀጨቀችው ሐኪም አልነበረም።

«ለዚህ ምስኪን ባክቴሪያ?» ብሏት ነበር ዋናው ሐኪም።

«አንጀቱ ባዶ ቤት ነው ዶክተር። ደግ ተከራይ ካላስገባንበት ክፉው ይቀድመናል።»

ሐኪሙ ጥናቶቹን አገላብጦ፣ በቅርብ እየተከታተሉ እንዲሞክሩት ፈቀደ። የመጀመሪያው ተረኛ ቦክሰኛው ሆነ። እናቷ ሆዱን ከመዳሰሷ በፊት ሁሌም መዳፎቿን ታፋትግ ነበር፤ «ቀዝቃዛ እጅ ስድብ ነው» ትላለች። ጠብታውን ባስጀመረች በሳምንቱ የገዛ ልቧ ቀጥ አለ። ዛሬ ደግሞ ቦክሰኛው ሙሉ ወተቱን የሚሞክርበት ቀን ነው። ሆዱ ከተነፋ፣ የእናቷ ልፋት እዚያው ላይ ያበቃል።

ባልደረባዋ ከነዩኒፎርሟ ገባች። አጠገቧ ተቀምጣ ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለች።

«ወተቱን ጥርግ አደረገው። ሆዱ ልስልስ ያለ ነው።»

«ካካስ?»

«ዳይፐሩን ሞላልሻ። አንጀቱ ሠርቷል።»

ልጅቷ ብድግ አለች። «ካካ አለ!»

አንድ ጎረቤት «ኀዘኑ አናቷ ላይ ወጣ» ብለው አንሾካሾኩ። እሷ ግን በደስታ እያለቀሰች ትስቅ ነበር።

«ማን ነው ካካ ያለው?» አለች አክስቷ ደንግጣ።

«የእማዬ ቦክሰኛ ነዋ፣ እትዬ።»

አክስቷ ስለዚያ ልጅ ከእህቷ አፍ ስንቴ ሰምታለች። እንባዋን በእጅጌዋ ጠርጋ ፈገግ አለች። «ታዲያ ምን ይጎልትሻል? ሂጂ እዪው፤ ለእንግዳው እኔ አለሁ።»

ሁለቱ ነርሶች ሩጫ በሚመስል እርምጃ ወደ ሕፃናቱ ክፍል ሄዱ። ልጅቷ እጇን በደንብ ታጠበች፤ ውሃው ቀዝቃዛ ነበር። ሕፃኑ የተኛበትን የሙቀት ሳጥን መስኮት ስትከፍት ቦክሰኛው ቡጢውን አነሣ። እጇን ልታስገባ ስትል ቆም አለች። መዳፎቿን እያፋተገች፣ እስኪሞቁ ጠበቀች።