ሦስተኛውን ምን በላው?

ዕድሜውን በሙሉ ሲኒማ ቤት ፊልም ሲያጫውት ኖሮ ጡረታ የወጣው አባቷ፣ ነፍሱ የሰው በላ ፊልሞች ናቸው። ዛሬም ጥፍሩን ስትቆርጥለት በዚያው ጣቱ እየቆጠረ ደረጃ ያወጣላቸዋል።

"አንደኛ፣ እንግዳ ጋብዞ እንግዳውን የሚበላው ባለሆቴል። እሱን የሚያህል አልተሠራም። ሁለተኛ፣ ጫካ ገብተው የተበሉት ካሜራ ያዦች። ደሙ ቲማቲም መሆኑ ያስታውቃል፤ ቢሆንም እወደዋለሁ። ሦስተኛ... ሦስተኛውን ምን በላው?"

"ባልና ሚስቱ ሥጋ ሻጮች፣ አባዬ።" ከልጅነቷ ጀምሮ በቃሏ ይዛዋለች።

"ይባረኩ። እርስዎም ያውቋቸዋል ለካ።"

አንቱ ብሏት አያውቅም። መቁረጫው እጇ ላይ ቀረ።

"ልጄም ትወዳቸው ነበር" አላት ወደ በሩ እያየ። "ሰሞኑን ምን እንደበላት እንጃ፣ ብቅ አላለችም።"