ጃማዕ የማይወጣበት ፎቅ

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የሰባት ወር እርጉዟ ፊልሳን፣ የሰርግ አዳራሹ ላይኛ ፎቅ ላይ፣ በሙቀቱ ራሷን ስታ እናቷ ጭን ላይ ወደቀች። ደረጃው እስከ ታች በሴት ታጭቋል፤ ተሸክሞ ማውረድ የማይታሰብ ነው።

እናቷ ደሄቦ ልጇን ለእህቷ ለሰገል ትታ፣ ሰዉን በክርኗ እየገፋች ወረደች። የአዳራሹ ባለቤት ጃማዕ ታች ወንዶቹ ዘንድ ቆሟል።

«ዋርያ ጃማዕ! ልጄ ልትሞትብኝ ነው። የላይኞቹን መስኮቶች የደፈንክበትን ላስቲክ አንሳ!»

«ኤዶ፣ አክስቴ፣ ብርዱን ልታስወጪብኝ ነው? ላስቲኩን ከታይዋን ገበያ የገዛሁት ለዚሁ ነው። አራት ኤሲ ይሠራል። ይኸው፣ ሃያ ስድስት!» ግድግዳው ላይ የሰቀለውን የሙቀት መለኪያ አሳያት።

«ሃያ ስድስቱ ለናንተ ነው። ሙቀቱ ወደ ላይ ሸሽቶ እኛ ላይ ተኝቷል። ውጣና እይ።»

«ሴቶች መሃል? አብደሻል እንዴ?»

እውነቱን ነው፤ ወንድ እዚያ አይወጣም። አዳራሹ ከተከፈተ ጀምሮ ጃማዕ ሰርግ ባለበት ቀን ፎቁን ረግጦት አያውቅም። ደሄቦ መለኪያውን ነቅላ ወጣች። ትንሽ ቆይታ ሻሿ ጫፍ ላይ አሰረችና ከፎቁ መከለያ በላይ ወደ ታች ለቀቀችለት። አርባ አንድ ይላል።

ጃማዕ አገላብጦ አየው። «አበላሽተሽዋል!» አለና ወደ ሠራተኛው ዞረ። «አምስተኛውን ኤሲ አብራ!»

ሲያበራው መብራቱ ድርግም ብሎ ጠፋ። ኤሲዎቹ ጸጥ አሉ፤ ሴቶቹ ጮኹ። የፊልሳን ከንፈር አመድ መስሏል።

ደሄቦ ማንንም አልጠየቀችም። ከሴቶቹ ጠረጴዛ ላይ የሰርጉን ኬክ ቢላዋ ነጥቃ ወንበር ላይ ወጣችና የአንዱን መስኮት ላስቲክ ከላይ እስከ ታች ተረተረችው። የታፈነው ሙቀት ማጅራቷን እየለበለበ አለፈ።

«የጓሮውን በር ክፈት፣ ጥላ ያለበትን! ከታች አየር ካልገባ ይሄ ሙቀት እንዴት ይወጣል?» ብላ ወደ ጃማዕ ጮኸች።

ጃማዕ ቀና ሲል፣ የተቀደደው ላስቲክ ማንም ሳይነካው ወደ ውጭ ይውለበለባል። እያጉረመረመ ሄዶ በሩን ከፈተው።

አየሩ ሽቅብ መጣ። የሴቶቹ ሻሽ ተንቀሳቀሰ። ፊልሳን ዓይኗን ገለጠች፤ ሰገል ያቀረበችላትን ውሃ ጠጣች።

«ቀና አድርጉኝ» አለች።

መብራት ሲመለስ ሠራተኛው ኤሲዎቹን ሁሉ ሊያበራ ሮጠ።

«ሁለቱ ይበቃል!» ብሎ ጃማዕ አስቆመው። ከዚያ ደረጃው ሥር ሄዶ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረና ተጣራ፤

«ኤዶ ደሄቦ! ሌላውንም ቅደጂው!»