ታናሽየዋ ቀድማ ያደረገችው አይነርግብ

ዊኒፍሬድ የአያቷን የዳንቴል አይነርግብ ከልጅነቷ ጀምሮ የራሷ አድርጋ ነበር የምታየው። ለታላቂቱ ልጅ እንደሚሰጥ ቤቱ ሁሉ ያውቃል። አሁን እንግሊዝ አገር፣ ፕሬስተን ከተማ ጥጥ ፋብሪካ ውስጥ ትሠራለች፤ ከከትበርት ጋር ተጫጭታ ሠርጓ ለመስከረም ተቆርጧል።

ታናሽ እህቷ በርናዴት ደግሞ ገዳም ገብታለች። የምትመነኩስ ልጅ በመጀመሪያ እንደ ሙሽራ ለብሳ መቅደሱ ፊት ትቀርባለች፤ ከዚያ ፀጉሯ ተቆርጦ የመነኩሲት ሻሽ ይደረግላታል። የበርናዴት ቀን በሰኔ ነበር። እናታቸው አይነርግቡን ከቁም ሣጥን አውጥታ መተኮስ ጀመረች።

«እማ፣ እሱ እኮ የኔ ነው» አለች ዊኒፍሬድ።

«ላንድ ሰዓት ነው፤ ትመልስልሻለች።»

«እኔ እሷ ያወለቀችውን ላድርግ?»

«እህትሽ አይነርግብ ልትወስድ ነው፣ አንቺ ስለ ጨርቅ ታወሪያለሽ?»

እንግሊዞች ሴት ስትመነኩስ እንደዚያ ነው የሚሉት፤ አይነርግብ ወሰደች።

«የኔን እንደምትወስድ መች ነገራችሁኝ?» ብላ ዊኒፍሬድ በሩን በኃይል ዘግታ ወጣች።

በዕለቱ በርናዴት በምእመናን መሐል ስታልፍ እናትየው እንባዋን መቆጣጠር አቃታት። ዊኒፍሬድ የምታየው ሙሽሪትን ሳይሆን የእናቷን ፊት ነበር። ለኔስ እንዲህ ታለቅስልኝ ይሆን? ከትበርት «ስታምር» ሲል ክንዷን ከክንዱ አወጣች።

ሥርዓቱ ሲያበቃ በርናዴት በአዲሱ ነጭ ሻሽ እንግዳ መቀበያው ክፍል ገባች። አይነርግቡን አጣጥፋ ይዛለች።

«ይኸው፣ ዊኒ።»

«ጨረስሽበት?»

በርናዴት ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «አስራ ሁለት ዓመት ሲሞላሽ እማ ይሄን አይነርግብ ስትለካልሽ ትዝ ይልሻል? ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ አይ ነበር። አንዴ ልሞክረው ብላት ‹ያንቺ አይደለም› አለችኝ። እስከ ዛሬ በቅናት ስቃጠል ነው የኖርኩት። ጠዋት እንኳ ከጸሎቱ ይልቅ እሱን ሳስብ ነበር። ለንስሐ አባቴም ነግሬያቸዋለሁ።»

ዊኒፍሬድ በእሷ የሚቀና ሰው ይኖራል ብላ አስባ አታውቅም። ደስ አላት፤ ደስ ስላላትም አፈረች።

«አምሮብሻል» አለች በመጨረሻ። «ከኔ ይልቅ» የሚለው ግን ከአፏ አልወጣ አላት።

በመስከረም አይነርግቡን አድርጋ አገባች። መነኮሳቱ ለሠርግ ስለማይወጡ በርናዴት አልመጣችም። እናታቸው ያን ቀንም አለቀሰች። ለማን እንደሆነ ግን ዊኒፍሬድ አልጠየቀቻትም።