ከጨርቁ ሥር ያለው ደንበኛ

ፀጉር አስተካካዩ መቀስ ካነሳ አራት ወሩ ነው። ድባቴው ጠፍንጎ ይዞታል፤ ጠዋት ፀጉር ቤቱ ይመጣል፣ ጥጉን ይዞ ይቀመጣል፣ ሲመሽ ይሄዳል። የሰባት ዓመት ልጁ ግን ቁርጡን ነግራዋለች።

"አባዬ፣ ዓርብ ትምህርት ቤት ፎቶ እንነሳለን። ግንባሬ ላይ የሚወርደውን ፀጉር አንተ ካልቆረጥክልኝ ማንም አይነካኝም!"

ለድባቴው የምታክመው የሥነ ልቦና ባለሙያ ደግሞ እስከሚቀጥለው ቀጠሮ የቤት ሥራ ሰጥታዋለች። "ውስጥዎ ያለው ድምፅ ሲሰድብዎት የት ጋ እንደሚያምዎት ልብ ይበሉ። ከዚያ ያንን የታመመውን ያነጋግሩት፤ ለሌላ ሰው እንደሚያወሩት፣ በደግነት።"

ሰኞ ቤቱ መስታወት ፊት ቆመ። ከአፉ የወጣው "አንተ የማትረባ!" ብቻ ነበር። ማክሰኞም ያው።

ረቡዕ በምሳ ሰዓት ፀጉር ቤቱ ጭር ሲል አንድ ነገር ብልጭ አለለት። መቀስ የሚፈራውን ሕፃን፣ መመለጥ የጀመረውን ጎልማሳ ሲያባብል የኖረ ሰው አይደል? ያ ደግ ምላሱ ግን የሚፈታው ወንበሩ ላይ ደንበኛ ሲኖር ነው። ስለዚህ ራሱ ወንበሩ ላይ ወጣና ነጩን ጨርቅ አንገቱ ላይ አሰረ። መስታወቱ ውስጥ አንድ የከሳ ሰው ብቅ አለ።

"እንዴት ሰነበቱ ጋሼ? ምነው ጠፉ?" አለው፣ እንደ ልማዱ።

ደረቱ ላይ የሆነ ነገር ተላወሰ።

"የዛሬ አራት ወር እናቴ ስትሞት እኔ እዚህ ቆሜ የሰው ፀጉር እቆርጥ ነበር። አልደረስኩላትም" አለ በደንበኛው ቦታ ሆኖ።

"አይዞህ ወንድሜ። በምን አውቀህ? አልቅስ፣ ጨርቁ ይችለዋል" ብሎ ለራሱ መለሰ።

እንባው እንደተቆረጠ ፀጉር በጨርቁ ላይ ተንሸራተተ። ይኼኔ በምላሱ ስለት "ምላጭ" የሚሉት ባልደረባው ከምሳ ተመልሶ በሩ ላይ ተገተረ።

"እንዴ! ይሄ ሰውዬ ወረፋ ጠብቋል?"

"የቤት ሥራዬን ልሥራበት፣ ዞር በል!"

"እሺ ጨርስ። ከአንተ ቀጥሎ እኔ ነኝ።"

ሐሙስ ልጁን ትራስ ደርቦ ወንበሩ ላይ አስቀመጣት። መቀሱን አንስቶ ግንባሯ ላይ የወረደውን ቆረጠ፤ ፀጉሯም ወደ አንድ ጎን ተንጋደደ። ያ የውስጡ ድምፅ ወዲያው "ድሮስ አንተ!" አለው። ደረቱ ጭምድድ ሊል ሲል፣

"አይዞህ ወንድሜ፣ አራት ወር እኮ ነው" አለ ጮክ ብሎ።

"ማንን ነው አባዬ?"

"አንድ ደንበኛዬን ነው።"

ልጅቷ መስታወቱን አየች፤ የተንጋደደው ፀጉር ቀጥ እስኪል ድረስ አንገቷን ዘንበል አደረገች።

"በቃ፣ ፎቶ ስነሳ እንዲህ እሆናለሁ!"

ምላጭ በሳቅ ፈነዳ። አባትየውም ሳቁ አላስቆርጥ ብሎት መቀሱን አስቀመጠ፤ ስቆ ሲወጣለት መልሶ አነሳው።