አባት የለኝም

«ይሄ ደግሞ የማን ነው?» አለ ወንድሜ ሩን።

«ሰይፍ አምጣልኝ አላልከኝም?» ብሪካን ሮጦ ስለመጣ ያለከልካል።

«የኔን ነዋ! አልጋዬ ላይ የረሳሁትን!»

«ያደርንበት ቤት ተቆልፏል። ይሄኛው ድንጋይ ውስጥ ተሰክቶ አገኘሁት። የሰይፍ ግጥሚያው እንዳያልፍህ ብዬ…»

ከተራራችን ወደ ከተማው የወረድነው በግጥሚያው ዋዜማ ነበር፤ ብሪካን ድንጋዩ መቃብር መሆኑን አላወቀም። ሩን ግን የንስር ራስ ያለውን እጀታ አወቀው። የሟቹ የጦር መሪ ሰይፍ ነው። ሮማውያን ከሄዱ ወዲህ ያስተባበረን እሱ ብቻ ነበር። አሁን ወራሪዎቹ ሳክሶኖች የባሕሩን ዳር መንደሮች እያቃጠሉ፣ መኳንንቱ ማን ይምራ በሚል ይጣላሉ። ሰይፉን የነቀለ ምሎ ይመራል፤ መሐላው ከባድ ነው ስለሚባል ግን ማንም አልነካውም።

«ስጠኝ» አለና ሩን ወደ አባታችን ወደ ቴጊድ ሄደ።

«አባዬ፣ እኔ ነቀልኩት።»

አባታችን ሩንን አልፎ ከኋላው የቆመውን ብሪካንን አየ። ሁልጊዜ እንዲህ ነው። ብሪካን በሕፃንነቱ በአደራ የተሰጠን ልጅ ነው፤ በእኛ አገር የአደራ ልጅ ከወለዱት ይቀድማል። እራት ላይ የበጉ ቅልጥም ተሰብሮ ለእሱ ሲሰጥ ሩን «እኛማ አጥንቱን እንልሳለን» ይላል። ቀልዱን ማንም አይስቅለትም።

ወሬው ተሰምቶ ሰዉ ተሰበሰበ፤ የከተማው ቄስ ሩንን መቃብሩ ላይ አቆሙት። «መሪ የሁሉ ነው። ‹አባት የለኝም› ብለህ ማል። ከዛሬ ጀምሮ ወደ አባትህ ቤት አትመለስም።»

ሩን አባታችንን አየ። «ሌላ መሐላ የለም?»

«ገበያ መሰለህ እንዴ፣ አንተ?» አለ አንዱ መኰንን። ሰዉ ሳቀ።

ሩን ፊቱ ቀላ። ሰይፉን ብሪካን እጅ ላይ ጣለው። «የነቀለው እሱ ነው። እሱ ይማል። ለሱ ምን አለበት? ድሮም አባት የለው!»

«አለኝ እንጂ» አለ ብሪካን ቀስ ብሎ።

አባታችን አቀረቀረ። «መንደሮቹ እየነደዱ ነው። በል፣ ልጄ።»

ሩን «ልጄ» የሚለውን ሲሰማ ዓይኑን ጨፈነ። ብሪካን ማለ።

እኛ ወደ ተራራው ተመለስን። ሩን ከአባታችን ጎን ይጋልባል፤ አባታችን እየደጋገመ ወደ ኋላ ይዞራል። በማግስቱ እራት ላይ ቅልጥሙን ለሩን ሰጠው። ሩን አልበላውም።