ማር ያስረሳች ቅጠል

አባታቸው ሊሞቱ ሲሉ የሚቆርጡትን የባህል መድኃኒት ለውቢት አሳይተው ወንድሟን ደርበውን ደጅ አስቀሩት። ሃያ ዓመት ሙሉ ይህን አልረሳም። እሱ ስድስተኛ ክፍል ደርሷል፤ እሷ ፊደል አልቆጠረችም። ከዚያ ወዲህ ከዳንግላ እንጅባራ ስንት ጊዜ ሲመላለስ፣ ጥርባ ያለውን የእህቱን ደጃፍ አንድ ቀን እንኳ አልረገጠም።

በ2008 ዓ.ም. ክረምት ግን እግሩ ቆሰለ። ሐኪሙ የስኳሩን ልክ አይቶ፣ «ጋሼ፣ ኪኒኑን እየዋጡ ማሩን ካልተዉ ይህ እግር አብሮዎት አይከርምም» አለው። ኪኒኑን ዋጠ። ማሩን መተው ግን አቃተው። ባለ ቀፎ ነው፤ እጁ ሳያስበው ወደ ማሩ ቅል ይሄዳል። ሲጨንቀው ጥርባ ሄደ።

«መንገዱ ጠፍቶህ ነበር?» አለችው ውቢት ከበሯ ላይ።

«እግሬ ነው ያመጣኝ» አለና ጨርቁን ፈታላት።

«ቁስሉ የሐኪም ነው፤ አልነካውም።» ከጓዳ ሁለት የሐረግ ቅጠል አምጥታ አላምጦ እንዲተፋ አደረገችው። ቀጥላ ጣቷን ማር ነክራ ምላሱ ላይ አደረገችለት።

ደርበው ሰም የቀመሰ መሰለው። ማሩ ይወፍራል፣ ይጣበቃል፤ ጣዕም ግን የለውም። ንብ ስንት አበባ ዞራ የሠራችውን፣ እሱን ዕድሜ ልኩን ያሸነፈውን ነገር፣ አንዲት ቅጠል አጠፋችው። ከንፈሩን ላሰ፤ ምንም የለም።

«ስሟ ማን ነው?»

«ስሟ አይጠራም። ደምህን ታድን አታድን እንጃ፤ ምላስህን ነው ለጥቂት ጊዜ የምታስረሳልህ። ኪኒንህን እንዳታቋርጥ።»

«አባባ ለምን ደበቀኝ?»

«መድኃኒት ቆራጩ ከቤት ወጥቶ እስኪመለስ ቃል አይተነፍስም፤ ሰላም ቢሉትም ቢሰድቡትም። ልጅ ሳለህ ‹ሳትናገር ዘንገና ሐይቅ ድረስ ደርሰህ ና› ብሎ ልኮህ አልነበር? ሰደበኝ ብለህ ከጎረቤታችን ልጅ ከገበየሁ ጋር ተደባድበህ አፍንጫህ እየደማ መጣህ።»

ደርበው ያ ቀን ፈተና እንደነበር እስከ ዛሬ አላወቀም።

«ነገ ጠዋት ተከተለኝ» አለች። «ቃል ከአፍህ ከወጣ እመለሳለሁ፤ ዳግም አታያትም።»

በማለዳ ወጡ። እሷ ፊት፣ እሱ እያነከሰ ኋላ። የዘንገና ሐይቅ ዳገት ላይ ሲደርሱ ማን ቢመጣ ጥሩ ነው፤ ያው ገበየሁ፣ አርጅቶ፣ ፈረስ ላይ ተቀምጦ። ውቢትን የመድኃኒት መንገዷን ያውቃልና ራሱን ዝቅ አድርጎ አሳለፋት። ደርበውን ሲያይ ግን ሳቀ።

«የተማረው ሰውዬ፣ ዛሬ የእህትህ ጭራ ሆንህ?»

አርባ ዓመት ያዘጋጀው መልስ ጥርሱ ላይ ደረሰ። የውቢት እርምጃ ቀዘቀዘ። ደርበው ያቺን ቅጠል አሰበ፤ የሞተውን ማር አሰበ። መልሱን ዋጠው። ከቅጠሉ ይልቅ ይመርር ነበር።

ከታች ሐይቁ ክብ ሆኖ ተኝቷል፤ አንዲት ሞገድ የለበትም። ውቢት ከዛፍ ሥር ቆማ አንዲት ቀጭን ሐረግ በጣቷ ነካች።

ደርበው አፈጠጠ። ልጅ ሳለ በየቀኑ እንጨት ያስርባት የነበረች ሐረግ ናት። ስንቴ በጥሶ ጥሏታል። ኮፍያውን አወለቀ። ለእህቱ የሚነግራት ነገር ነበረው፤ ቤት ግን ገና ሩቅ ነው። ቅጠሎቹን በዝግታ ቀጥፎ፣ አፉን እንደዘጋ የመጡበትን መንገድ ተያያዘው።